ለጥንቸልዎ የሕመም ማስታገሻ በጥንቃቄ አሰጣጥ

ጥንቸል ሲያማት አትጮህም። ውሻ ያላዝናል፣ በግ ትጮኻለች፤ ጥንቸል ግን ዘወትር አዳኝ የሚያሳድዳት ፍጥረት በመሆኗ ሕመሟን ደብቃ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። በሰሜን ሸዋ ደግሞ ችግሩን የሚያባብስ ሌላ ነገር አለ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ጥንቸል ስለማትበላ በአካባቢያችን ጥንቸል ያለበት ቤት ብዙ አይደለም፤ ያለችውም አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ስም አውጥተውላት የሚያሳድጓት የቤት እንስሳ ናት። የእንስሳት ሐኪሞቻችን ቀኑን ሙሉ የሚያዩት የመንዝን በግ፣ የደብረ ብርሃንን የወተት ላምና የጋማ ከብት ነው። ስለዚህ ጥንቸሏ ስትታመም ቤተሰቡ በቅድሚያ የሚከፍተው የራሱን የመድኃኒት መሳቢያ ነው። ትልቁ አደጋ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

ይህ መመሪያ የእንስሳት ሐኪም መድኃኒት ካዘዘ በኋላ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚለካ፣ እንዴት እንደሚሰጥና ምን እንደሚጠበቅ ያስረዳል። ሐኪምን አይተካም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን መድኃኒቱ ለምን እንደሚሰጥ መረዳት ያስፈልጋል። የጥንቸል አንጀት ሌት ተቀን መንቀሳቀስ አለበት። ሕመም የምግብ ፍላጎቷን ይዘጋል፤ ካልበላች አንጀቷ ይቆማል፤ የቆመ አንጀት በጋዝ ይነፋል፤ ጋዙ ደግሞ በሕመሟ ላይ ሌላ ሕመም ይጨምራል። ማስታገሻ የሚሰጣት ይህን አዙሪት ለመስበር ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ሠራ የሚባለው ጥንቸሏ ጸጥ ስትል ሳይሆን ድርቆሽ ስታኝክና በጠጥ ስትጥል ነው።

በመጀመሪያ፦ ሕመም መሆኑን ይለዩ

ጥንቸሏን ሳይነኩ፣ ራቅ ብለው ለጥቂት ደቂቃ ይመልከቷት። ሰው ሲቀርባት ነቃ ብላ ጤነኛ ትመስላለችና አጠገቧ ሆነው የሚያዩት ነገር ያታልላል። የታመመች ጥንቸል ኩርምት ብላ ትቀመጣለች፤ ወይም ሆዷን ወደ መሬት ደጋግማ ትጫናለች። ዓይኗ በግማሽ ይከደናል። ሙሉ የነበረው ጉንጯ ይጎደጉዳል፤ የአፍንጫዋ ቀዳዳዎች ክብነታቸውን አጥተው ወደ ታች ሾጠጥ ይላሉ፤ ጺሟ ይገተራል፤ ጆሮዎቿ ተጠጋግተው ወደ ኋላ ይተኛሉ። እነዚህ አምስት የፊት ምልክቶች በእንግሊዝ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት የጥንቸል ሕመም መለኪያ ውስጥ ያሉ ናቸው። ሐኪሙ ዘንድ ሲደርሱ ጥንቸሏ ደንግጣ ምልክቶቿን ስለምትደብቅ፣ ቤት ውስጥ ሳለች በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይያዙ።

የጥርስ ድምፅንም ያዳምጡ። ሲደባብሷት በስሱ የሚሰማው የጥርስ መነካካት የምቾት ነው። ጮክ ብሎ፣ እየቆራረጠ የሚሰማው የጥርስ ማፋጨት ግን የሕመም ነው። ሁለቱን አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ዳግመኛ አያምታታቸውም።

ከዚያ የምትኖርበትን ሳጥን ወለል ይመልከቱ። ጤነኛ ጥንቸል በቀን በመቶዎች የሚቆጠር፣ ክብ ክብ፣ መጠኑ የተመጣጠነ በጠጥ ትጥላለች። በጠጡ ካነሰ፣ ከደቀቀ ወይም ከቆመ አንጀቷ እየቆመ ነው። ሽንቷ ቀላ ብሎ ቢያዩ ግን ወዲያው ደም ነው ብለው አይደንግጡ፤ የጥንቸል ሽንት በምትበላው ቅጠል ምክንያት ብርቱካናማ ወይም ቀይ ሊሆን ይችላል። እያማጠች የምትሸና ከሆነ ወይም ደም የረጋበት ነገር ካዩ ጉዳዩ ሌላ ነው።

ጥንቸል ለ12 ሰዓታት ያህል ምንም ካልበላች ወይም በጠጥ ካልጣለች ድንገተኛ ሕክምና ያስፈልጋታል። ማታ ምግቧን ትታ ያደረች ጥንቸል ጠዋት የሐኪም በር ላይ መገኘት አለባት። «እስቲ እስከ ነገ እንያት» የሚለው ቃል ለላም ይሠራ ይሆናል፤ ለጥንቸል አይሠራም።

ከመሳቢያው የማይወጡ መድኃኒቶች

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማስጠንቀቅ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ጥንቸልን በፍቅር መግደል የሚቻለው በዚህ በኩል ነው።

አሞክሳሲሊን በየቤቱ አለ። የሕመም ማስታገሻ አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ ሰው «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ካፕሱሉን ከፍቶ በውሃ በጥብጦ ይሰጣል። የጥንቸል አንጀት የሚሠራው በውስጡ በሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ነው። በአፍ የሚሰጥ አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ፔኒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲን ወይም ኤሪትሮማይሲን እነዚህን ባክቴሪያዎች ይጨርስና መርዝ የሚያመነጩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ቦታቸውን ይወስዳሉ። ከዚያ የሚመጣው ተቅማጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላል። ጥንቸልዎ አንቲባዮቲክ ቢያስፈልጋት እንኳ ለጥንቸል የሚሆነውን የሚመርጠው ሐኪም ብቻ ነው።

አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክና አስፕሪን ለሰው በተዘጋጁበት መጠን ለጥንቸል ጨጓራና ኩላሊት ከባድ ናቸው። የዲክሎፌናክ ክኒን ብዙውን ጊዜ 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህ የተቀመረው 60 እና 70 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው እንጂ 2 ኪሎ ግራም ለምትመዝን ጥንቸል አይደለም። ቁራጩን ቆርሶ መስጠትም ግምት ነው፤ በመድኃኒት ግምት አይሠራም። ፓራሲታሞልን በተመለከተም ሐኪም ካላዘዘ አይስጡ፤ በተለይ ካፌይን ወይም ኮዴይን የተቀላቀለባቸውን። ለወገብና ለጉልበት የሚቀባውን ጄልም አይቀቧት፤ ጥንቸል ፀጉሯን ቀኑን ሙሉ ስለምትልስ የተቀባው ሁሉ ወደ ሆዷ ይገባል።

ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ቀይ ሽንኩርት በማንኛውም መልክ አይሰጥም፤ የቀይ የደም ሕዋሶቿን ይጎዳል። ፌጦ፣ ዳማከሴና ጤና አዳም ለሰው የለመድናቸው ናቸው፤ ለታመመች ጥንቸል አይሞከሩ።

ሁለተኛ፦ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷትና በትክክል ይጠይቁ

በየወረዳው የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ አለ፤ በደብረ ብርሃንና በሌሎቹም ከተሞች የግል የእንስሳት ሐኪሞችና የእንስሳት መድኃኒት መሸጫዎች ይገኛሉ። ሐኪሙ ጥንቸል ብዙ አክሞ የማያውቅ ከሆነ አይፈሩ፤ ባለሙያ ለባልደረባው ደውሎ መጠየቁ ነውር አይደለም። ነገሩ ከበድ ካለ ደግሞ በቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ አለ።

ሲወስዷት በማዳበሪያ ከረጢት አይጫኗት። ጠንካራ ካርቶን ጎኑን በስተው፣ ከታች ድርቆሽ ጎዝጉዘው ያስገቧት። በጆሮዋ አንጠልጥሎ ማንሳት ጨርሶ የተከለከለ ነው። አንድ እጅዎን ከደረቷ ሥር፣ ሌላውን ከኋላ እግሮቿ ሥር አድርገው ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው ያንሷት። የጥንቸል የኋላ እግር ኃይለኛ፣ የጀርባ አጥንቷ ግን ስስ ነው፤ አንድ ጊዜ ተወራጭታ ብትረግጥ የገዛ ወገቧን ልትሰብር ትችላለች። አብራት የምትኖር ጥንቸል ካለች አብራ ብትሄድ መልካም ነው፤ ጓደኛዋ አጠገቧ ስትሆን ቶሎ ትበላለች። ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአጣዬ የሚመጣ ሰው ጉዞውን በማለዳ ያድርገው፤ ጥንቸል ከብርድ ይልቅ ሙቀት ፈጥኖ ይጎዳታል፤ የተዘጋ መኪና ውስጥ ደግሞ ይብሳል።

ለጥንቸል ሕመም ሐኪሞች አዘውትረው የሚያዙት መድኃኒት ሜሎክሲካም ነው። በአብዛኛው ለውሻ፣ ለድመትና ለከብት ተብሎ የሚመረት ስለሆነ፣ ለጥንቸል የሚሆነውን መጠን ሐኪሙ አስልቶ ይሰጣል እንጂ ከጠርሙሱ ላይ አይነበብም። የጥንቸል ሰውነት መድኃኒቱን ከውሻ ይልቅ ቶሎ ስለሚያስወግድ፣ በኪሎ ግራም ሲሰላ የሚያስፈልጋት መጠን ከውሻ የበለጠ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ0.3 እስከ 1 ሚሊ ግራም ባለው ውስጥ ይሆናል። በዚህ ውስጥ የትኛው ለእርስዎ ጥንቸል እንደሚሆን የሚወስነው ዕድሜዋ፣ የኩላሊቷ ሁኔታ፣ የሰውነቷ ፈሳሽና የሕመሟ ዓይነት ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወይም ሕመሙ ሲበረታ ሐኪሙ ራሱ በመርፌ የሚሰጣቸው ሌሎች ጠንካራ ማስታገሻዎችም አሉ፤ እነርሱ ቤት የሚወሰዱ አይደሉም።

ከክሊኒኩ ከመውጣትዎ በፊት እነዚህን ሳይጠይቁ አይውጡ፦

«ዶክተር፣ ይህ መድኃኒት በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም አለው?»

«በአንድ ጊዜ ስንት ሚሊ ሊትር ልስጣት? በቀን ስንት ጊዜ? ለስንት ቀን?»

«አሁን በመርፌ የሰጧት ምንድን ነው? የመጀመሪያውን በአፍ የሚሰጥ መጠን መቼ ልጀምር?»

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ሕይወት የሚያድን ጥያቄ ነው። ሜሎክሲካም ከዲክሎፌናክ፣ ከኬቶፕሮፌን ወይም ከፍሉኒክሲን ጋር በአንድ ላይ አይሰጥም፤ ከዴክሳሜታዞንና ከመሰል ስቴሮይዶች ጋርም እንዲሁ። ዴክሳሜታዞን ለከብት በብዛት የሚወጋ መድኃኒት ስለሆነ፣ ቀድሞ ሌላ ቦታ ተወግታ ከሆነ ሳይደብቁ ይናገሩ። እርጉዝ ልትሆን ትችላለች ብለው ከጠረጠሩ፣ ውሃ መጠጣት አቁማ ከሆነ፣ ወይም ከዚህ በፊት የኩላሊት ችግር ተብሎ ያውቅ ከሆነ ይህንንም ይናገሩ። ፈሳሽ ያለቀባት ጥንቸል ሜሎክሲካም ከመጀመሯ በፊት ፈሳሽ ከቆዳ ሥር ወይም በደም ሥር ሊሰጣት ይገባል፤ ደርቃ ሳለች መድኃኒቱ ኩላሊቷን ይጎዳል።

መልሱን በቃል አይያዙ፤ በወረቀት ያጽፉ። ቁጥሩ ከ1 የሚያንስ ከሆነ ከነጥቡ በፊት ዜሮ መጻፉን ያረጋግጡ። «0.8» ተብሎ የተጻፈ ቁጥር አይሳሳትም፤ ነጥብ ብቻ ቀድሞት «.8» ከተጻፈ ነጥቡ ሲደበዝዝ 8 ይሆናል፤ ያ አሥር እጥፍ ነው። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ያጽፉ፤ «8 ሰዓት» ሲባል አንዱ ከምሳ በኋላ፣ ሌላው ከቁርስ በፊት ሊመስለው ይችላል።

ሦስተኛ፦ ይመዝኗት

ሐኪሙ ካልመዘናት መጠኑ ሁሉ ግምት ነው። የሰው ሚዛን ላይ ይዟት ወጥቶ የራስን ክብደት መቀነስ ለጥንቸል በቂ አይደለም፤ የግማሽ ኪሎ ስህተት ለ2 ኪሎ ግራም ጥንቸል አንድ አራተኛ ማለት ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ወይም የሱቅ ዲጂታል ሚዛን ይሻላል። ካርቶኑን ባዶውን መዝነው ይጻፉ፣ ከዚያ ጥንቸሏን ጨምረው ይመዝኑና ልዩነቱን ይውሰዱ። መድኃኒቱ ከሳምንት በላይ የሚቀጥል ከሆነ በየሳምንቱ ይመዝኗት፤ ክብደቷ ከቀነሰ መጠኑም ይቀየራል፤ የክብደት መቀነሱ ራሱም ሐኪሙ ሊሰማው የሚገባ ዜና ነው።

አራተኛ፦ ስሌቱን እርስዎም ያረጋግጡ

ሐኪም አስልቶ ቢሰጥዎም አንድ ጊዜ ደግመው ቢያሰሉ ማንም አይቀየምም። ክብደቷን ለአንድ ኪሎ ግራም በታዘዘው ሚሊ ግራም ያባዙ፤ ያገኙትን በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ባለው ሚሊ ግራም ያካፍሉ።

ለምሳሌ 2 ኪሎ ግራም ለምትመዝን ጥንቸል ሐኪሙ ለአንድ ኪሎ ግራም 0.6 ሚሊ ግራም አዘዘ እንበል። ጠቅላላው 1.2 ሚሊ ግራም ነው። ጠርሙሱ በአንድ ሚሊ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ያለው የውሻ ፈሳሽ ከሆነ የምትወስደው 0.8 ሚሊ ሊትር ነው። ጠርሙሱ 0.5 ሚሊ ግራም ያለው የድመት ፈሳሽ ከሆነ ግን 2.4 ሚሊ ሊትር ይሆናል። አሁን ለከብት የሚወጋውን በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ያለውን ይመልከቱ፦ 0.06 ሚሊ ሊትር! ይህ በስሪንጁ ጫፍ ላይ የሚቀር ጠብታ ነው። ያንኑ ጠርሙስ የውሻው መስሏቸው 0.8 ሚሊ ሊትር የሰጡ እንደሆነ ጥንቸሏ ከታዘዘላት ከ13 እጥፍ በላይ ትወስዳለች። የመድኃኒቱ ስም አንድ ነው፤ የጠርሙሱ ቀለምም ሊመሳሰል ይችላል፤ የሚለየው ያቺ በትንሹ የተጻፈች ቁጥር ናት። አዲስ ጠርሙስ በገዙ ቁጥር ያቺን ቁጥር እንደገና ያንብቡ። የከብቱ ብቻ ከተገኘም ቤት ውስጥ ለመለካት አይሞክሩ፤ የሚለካው ሐኪሙ ነው።

በሰው መድኃኒት ቤት የሚገኘው የሜሎክሲካም ክኒን 7.5 ወይም 15 ሚሊ ግራም ነው። በምሳሌው መሠረት የ2 ኪሎ ግራሟ ጥንቸል ድርሻ ከትንሹ ክኒን አንድ ስድስተኛ እንኳ አይሞላም። ክኒኑን ፈጭቶ በውሃ መበጥበጥም ዋስትና የለውም፤ ዱቄቱ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ አንዱ ጉንጭ ባዶ ውሃ፣ ሌላው ከልክ ያለፈ መድኃኒት ይሆናል። ሌላ አማራጭ ጠፍቶ ሐኪሙ ክኒኑን ካዘዘ፣ ፈሳሹን የመድኃኒት ባለሙያ ያዘጋጅልዎ።

መለኪያው ባለ 1 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ቢሆን ይመረጣል። መርፌው ተነቅሎ ይጣላል፤ የሚፈለገው ቱቦው ብቻ ነው። የኢንሱሊን ስሪንጅ አይጠቀሙ፤ በላዩ ላይ ያሉት ቁጥሮች ዩኒት እንጂ ሚሊ ሊትር አይደሉም፤ በብዙዎቹም ላይ መርፌው አይነቀልም። በሻይ ማንኪያ መለካት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም።

አምስተኛ፦ መድኃኒቱን ይስጧት

ሁሉንም ነገር አስቀድመው ያዘጋጁ። ጥንቸሏን ይዞ ስሪንጅ መፈለግ ለእርሷም ለእርስዎም ጭንቀት ነው። ጠርሙሱን በቀስታ ይገለባብጡት፤ መድኃኒቱ ከሥር ስለሚዘቅጥ ሳይነቀነቅ የተቀዳ መጠን አይታመንም። ስሪንጁን ሞልተው በብርሃን ፊት ያንሱትና የአየር አረፋ ካለበት ገፍተው ያስወጡ፤ ከዚያ የጎማው ጫፍ በትክክል የታዘዘው መስመር ላይ መድረሱን ያረጋግጡ።

ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ይቀመጡ፤ ከጠረጴዛ ዘላ ብትወርድ እግሯ ወይም ወገቧ ይሰበራል። ፎጣ ዘርግተው ጥንቸሏን መሃሉ ላይ ያስቀምጧት። የፎጣውን አንድ ጎን በጀርባዋ ላይ አሳልፈው ከሥሯ ያስገቡ፣ ሌላውንም እንዲሁ፣ የኋላውንም ከእግሮቿ በላይ ያጥፉት፤ ጭንቅላቷ ብቻ ይውጣ። የፊት እግሮቿ ውስጥ መቅረታቸውን አይርሱ፤ ስሪንጁን የምትገፋው በእነርሱ ነው። የመንዝ ባና ለብርድ ምንም አይወጣለትም፤ ለዚህ ሥራ ግን ወፍራም ነው፤ ከውስጥ ስትወራጭ ወይም ትንፋሿ ሲቸግራት አያስታውቅም። ስስ ፎጣ ወይም ነጠላ ይሻላል። ደረቷን አይጨምቁ። ጥንቸል በዋናነት በአፍንጫዋ ስለምትተነፍስ አፍንጫዋ ነጻ ይሁን። በጀርባዋም አያስተኟት፤ በጀርባዋ ተኝታ ዝም ስትል የተረጋጋች ይመስላል፤ እውነቱ ግን በፍርሃት መደንዘዟ ነው።

ከፊት ጥርሶቿ ኋላ፣ ከመንጋጋዎቿ ፊት፣ ጥርስ የሌለበት ባዶ ቦታ አለ። በአውራ ጣትዎ ከንፈሯን በአንድ ጎን ትንሽ ከፍ ያድርጉና የስሪንጁን ጫፍ በዚያ ባዶ ቦታ ያስገቡ፤ ጫፉ ወደ ጉሮሮዋ ሳይሆን በምላሷ ላይ ወደ ተቃራኒው ጉንጭ ይመልከት። ጭንቅላቷን ወደ ላይ አያቅኑ። ከ0.2 ሚሊ ሊትር ያልበለጠ ገፍተው ይቁሙ። አሁን አገጯን ይመልከቱ፦ ትንሽ ቆይቶ ማኘክ ይጀምራል፣ ምላሷ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ጉሮሮዋ አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ ሲል ያያሉ። ውጣለች ማለት ነው። ያኔ ሌላ ጥቂት። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግፋት ፈሳሹን ወደ ሳንባዋ ይልከዋል፤ የሳንባ ምች ደግሞ ከመጀመሪያው ሕመም የከፋ ነው። ካሳላት ወይም በአፍንጫዋ ፈሳሽ ከወጣ ወዲያው ያቁሙ፣ ጭንቅላቷን ዝቅ ያድርጉላት፣ ትንፋሿ ካልተስተካከለ ሐኪም ይጥሩ።

ስትጨርስ አመስግነው ይልቀቋት። አንዳንዶቹ የሜሎክሲካም ፈሳሾች ጣፋጭ ስለሆኑ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ራሷ ስሪንጁን የምትልስ ጥንቸል ጥቂት አይደለችም። እምቢ ካለች የጥፍር ያህል ሙዝ ላይ መድኃኒቱን አድርገው ይሞክሩ፤ ሁሉንም መብላቷን ዓይንዎ እያየ። በመጠጥ ውሃዋ ወይም በምግብ ሳህኗ ውስጥ ግን አይጨምሩ፤ ምን ያህሉን እንደወሰደች ማወቅ አይቻልም፤ ጣዕሙን ጠልታ ውሃውን ብትተወው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ግማሹ ቢፈስ ግምት ወስደው አይድገሙ፤ ሐኪሙን ይጠይቁ። አንድ ጊዜ ቢረሱ በሚቀጥለው እጥፍ አይስጡ። ሜሎክሲካም በአፍ ሲሰጥ ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት ብዙ ሰዓታት ይፈልጋል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ «ምንም ለውጥ የለም» ብሎ መጨመር የመመረዝ መንገድ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለት ሰው ሳይነጋገር ሁለቴ መስጠት የተለመደ አደጋ ነው፦ እናት ጠዋት ትሰጣለች፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አዝኖላት ይደግማል። አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ የሰጠ ሰው ሰዓቱንና መጠኑን ይጻፍበት፤ የበላችውና የጣለችው በጠጥም እዚያው ይመዝገብ።

ስድስተኛ፦ ከመድኃኒቱ በኋላ ያለው ሥራ

በዚህ በኩል ሰሜን ሸዋ የታደለ ነው፤ ንጹሕ የደጋ ድርቆሽ እንደልብ ይገኛል። አዲስ፣ ሻጋታ የሌለው ድርቆሽ አፍንጫዋ ሥር ያስቀምጡ፤ ትንሽ ትኩስ ሣር ወይም የካሮት ቅጠል ጨምረው ያጓጓት። እንጀራ፣ ቂጣ፣ ገብስና በቆሎ በዚህ ጊዜ አይሰጧት፤ ስታርች የበዛበት ምግብ ለደከመ አንጀት ጠላት ነው። ጥቅል ጎመንና ጤዛ ያረገዘ ማገጥም ጋዝ ስለሚያበዙ ይቆዩ። ውሃ በሰፊ ሳህን ያቅርቡ፤ ከጠርሙስ ይልቅ ከሳህን ብዙ ትጠጣለች። ጤነኛ ጥንቸል በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቷ ከ50 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች።

ራሷ ካልበላች ሐኪሙ በስሪንጅ እንዲመግቧት ሊያዝ ይችላል። አረንጓዴ ቅጠልና በደንብ የደቀቀ ድርቆሽ በለብ ባለ ውሃ ለውሰው፣ ሰፋ ባለ ስሪንጅ፣ በዚያው በጎን በኩል፣ እንደ መድኃኒቱ በጥቂት በጥቂቱ። ሆዷ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ከጠጠረ ግን ምንም ነገር አያጉርሷት፤ አንጀቷ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል መመገቡ ራሱ ይገድላታል። ያኔ ቦታዋ ክሊኒክ ነው።

የታመመች ጥንቸል ሙቀቷን መጠበቅ ያቅታታል። የጤነኛ ጥንቸል የሰውነት ሙቀት ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ከ38 በታች ከወረደ አደገኛ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሣሩን በሚያነጣበት ጊዜ ጥንቸሏን ከደጅ ወደ ቤት ያስገቧት፤ ለብ ያለ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው አጠገቧ ያኑሩ፤ ከሞቃት ራቅ ማለት ብትፈልግ የምትሸሽበት ቦታ ይኑራት። የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አያስቀምጡ፤ ጋዙ ትንሿን ሳንባ ከሰው ቀድሞ ይጥላል።

መንስኤውንም አይዘንጉ። ማስታገሻ ያደገ ጥርስ አይሞርድም፣ እከክም አያድንም። ጆሮዋ ውስጥ ቅርፊት የሠራ እከክ ካለ ለምሳሌ፣ ቅርፊቱን መላጥ እጅግ ያማታል፤ ሐኪሙ የእከኩን ተባይ የሚገድል መድኃኒት ሲሰጣት ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ ይረግፋል።

መቼ ያቆማሉ፣ መቼ ይጣራሉ

መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ በጠጧ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ተቅማጥ ካመጣት፣ ድዷ ከነጣ፣ ከልማዷ በላይ ከጠጣችና ከሸናች፣ ወይም መብላት ጀምራ የነበረችው እንደገና ካቆመች ቀጣዩን መጠን አይስጡ፤ ሐኪሙን ያግኙ። ከልክ በላይ መስጠትዎን ካወቁም ምልክት አይጠብቁ። ጥንቸል ማስመለስ አትችልም፤ ስለዚህ ወተትም ሆነ ጨው ለማጠጣት አይሞክሩ። ጠርሙሱን፣ ስሪንጁንና ግድግዳ ላይ ያለውን ወረቀት ይዘው ወዲያው ይሂዱ።

በተቃራኒው ደግሞ በሁለተኛው ቀን ስትዘል አይተው መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ። የዘለለችው መድኃኒቱ ስለሠራ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙ የወሰነውን ቀን ይጨርሱ። አርጅታ መገጣጠሚያዋን የሚያማት ጥንቸል ለወራት ልትወስድ ትችላለች፤ እንዲህ ያለችው በየጊዜው እየታየች ኩላሊቷ ቢመረመር ይገባል።

ጠርሙሱን ልጆች በማይደርሱበት፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ያስቀምጡ። በደጋው ተራ ቁም ሣጥን ይበቃል፤ በሸዋ ሮቢትና በቀወት ቆላ ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያ ቀትር ላይ ይግላልና ከቤቱ ቀዝቃዛ የሆነውን ጥግ ይምረጡ። የተከፈተበትን ቀን በጠርሙሱ ላይ ይጻፉ። ስሪንጁን ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ በንጹሕ ውሃ አጥበው ያድርቁ። የተረፈውን ለድመትዎ ወይም ለውሻዎ አይስጡ፤ በተለይ ድመት ጥንቸል የምትችለውን መጠን አትችልም፤ ኩላሊቷ ሊሞት ይችላል።